ነቀዝ የገባበት ሁዳዴ

የካቲት 24 ቀን 1956፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የሰጡኝ አቶ እምሩ ናቸው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራዩ፣ ሚስት የሌላቸው፣ ምክር የማያልቅባቸው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ደብተሩ ከመሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደወጣ እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ ምን እንደምጽፍበት እሳቸውም አልጠየቁኝም። በሰላም እየኖርን ነው።

እሑድ ቅበላ ነው፣ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ሌላው ሰው ፋሲካን ይጠብቃል፤ አክስቴ አልጋነሽ ጾሙን ትጠብቃለች። እኔ እቴቴ ነው የምላት። በአራዳ እንደ እሷ የሚጾም ሰው የለም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት፤ በየቀኑም ትለዋለች።

ዛሬ ለሽሮ የሚሆነውን ሽምብራ ልቀሚ ተባልኩ። ከጎታው ሥር የተዛቀ፣ ሰፌድ ሙሉ፣ እንደገና ሰፌድ ሙሉ። ለቀምኩ። ማለቴ ሰፌዱ ጭኔ ላይ ነበር፣ እጄም ይንቀሳቀስ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ አዳነች ሲኒማ ቤት ያየችውን ፊልም ከነዘፈኑ እየተረከችልኝ ነበር። አንዳንዱ ፍሬ በመርፌ የተወጋ ይመስል ቀዳዳ አለው። ሽምብራም አየር ያስፈልገዋል ብዬ አለፍኩት።

የካቲት 29፣ እሑድ፣ ቅበላ

ሽሮው ከወፍጮ ቤት መጣ። ሽታው መንገደኛ ያስቆማል። እቴቴ እንደየማዕረጉ አከፋፈለችው፤ ለንስሐ አባታችን ለአባ ወልደሥላሴ በትልቁ ቆርቆሮ፣ ለአቶ እምሩ በጣሳ፣ ለአዳነች እናት ግን በብርጭቆ፣ ምክንያቱም በጥምቀት ተኳርፈዋል።

ሥጋ በላን። ሆዴ ከበሮ ሆኗል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። የሒሳብ መምህራችን የሚሉት ሁሉ በሆዴ ጩኸት ተሸፈነ።

ስንመለስ ከአዳነች ጋር በፒያሳ በኬክ ቤቱ በኩል አለፍን። መስታወቱን ብቻ ነው ያየነው። በየትኛው በኩል ሆነን እንዳየነው ግን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ቤት ስደርስ እትዬ ሀጂራ ደጃችን ቆመዋል። እትዬ ሀጂራ ፊት ለፊታችን የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው፤ ከባላቸው ከአብዱልሃሚድ ጋር እህል ይነግዳሉ። ከአገራቸው ቆጮ መጥቶላቸው በቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። «የእኛ ጾም አለፈ፣ የእናንተ ገባ፣ ለዚህ ይሆናል ብዬ ነው» አሉ። እቴቴ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ መረቀች፣ እስከ በሩ ሸኘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እንኪ እንግዲህ፣ የእንጨት ሥር አምጥታ አሸከመችኝ» አለችና ሰጠችኝ።

በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። የእትዬ ሀጂራ ጫማ ደረጃው ላይ ቆም ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ሄደ።

ቆጮውን በጎመን በላሁት። የእንጨት ሥር እንዲህ የሚጣፍጥ ከሆነ ግንዱን እንዴት ዝም አልነው?

መጋቢት 13፣ እሑድ

ዛሬ ብዙ መጻፍ አለብኝ። እንቅልፍም አልመጣ ብሎኛል።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደሥላሴና አቶ እምሩ ቤታችን ነበሩ፤ የእሑድ ልማዳቸው ነው። ሽሮው እየተንተከተከ ቀረበ። እቴቴ የዘመኑን ሰው ጾም ታወግዝ ጀመር። ፒያሳ ላይ ተቀምጠው ወተት እየጠጡ «ማኪያቶ ነው» ይላሉ፤ በጣልያን ስም ሲጠሩት ላሟ የምትጠፋ ይመስላቸዋል አለች። አባ ወልደሥላሴ አፋቸው ሙሉ ስለነበር ራሳቸውን እየነቀነቁ ተስማሙ። አንዴ ተጨምሮላቸዋል፣ ሁለተኛውን እየጠበቁ ነበር።

ድስቱ ሊያልቅ ሲል ዱቄት እንዳመጣ ተላክሁ። የቤታችንን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ዱቄቱ ላይ አንድ ቡናማ ነቀዝ፣ ርስቱን እንደሚጎበኝ ባላባት፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በጣቴ ብነካው እግሮቹን ሰብስቦ የሞተ መሰለ። እንጨት ፍለጡልን ሲባሉ አቶ እምሩም ልክ እንደዚህ ያደርጋሉ። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ይዤው ገባሁ፣ እፊታቸውም ዘርግቼ፦

«እቴቴ፣ ይኼ የጾም ነው የፍስክ?» አልኩ።

አቶ እምሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አባ ወልደሥላሴ ትን አላቸው። እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅሁ፤ መጥፎ ልማድ ነው። እቴቴ ግን አልሳቀችም። አፏ ድረስ ያደረሰችውን ጉርሻ ቀስ ብላ ወደ መሶቡ መለሰችው።

ተነሥታ ወደ ጎታው ሄደች። እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። «ይሞቃል» አለች። እህል ሲነቅዝ እንደሚሞቅ እኔ አላውቅም ነበር። እጇን ስታወጣ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ለብሷል፣ በብናኙ ውስጥም የሚራመድ ነገር አለ። አንዷን ፍሬ በጥርሷ ከፈለች። ውስጧ ባዶ ቤት ነው፣ ባለቤቱ እንኳ አልወጣም።

«ጽጌ፣ ያን ሁሉ ለቅመሽዋል?»

«ለቅሜዋለሁ» አልኩ።

ስድብ ጠበቅሁ። እቴቴ ስትሰድብ እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለች፣ እኔም ብዙ ጊዜ ስምንተኛውን እጨምርላታለሁ። ዛሬ ግን እጇን ታጥባ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓዳ ገባች። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ እምሩ የቀረውን በዳቦ ጠርገው በሉት፤ «ነቀዝ ደም የለውም፣ ደም የሌለው ነገር ሥጋ አይባልም» ብለው ለራሳቸው ፈረዱ።

ቀልድ ነው እኮ። ማንኛውም ሰው ይቀልደው ነበር።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ሽምብራውን በሰሌን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ነቀዙ ሙቀቱን ሲሸሽ ዶሮዎቹ በአጥር በአጥሩ ተቀበሉት። በዚህ ግቢ በይፋ የፈሰከው ዶሮ ብቻ ነው።

አቶ እምሩ የትንኝ ፍሊት ከነመንፊያው ይዘው መጡ፤ እህሉን ሊነፉልን። ዘመናዊ መንገድ ነው አሉ። እቴቴ መንፊያውን ከእጃቸው ወሰደችባቸው። ግን ለሙከራ አንዴ ወደ ፊታቸው ነፍተውት ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሲያስሉ ዋሉ። ቢያንስ እሳቸውን ትንኝ አይነካቸውም።

እቴቴ ምሳ አልበላችም።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ነገሩ እንዲህ ሆነ። እቴቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥጋ እየበላሁ ጾምኩ ብያለሁ ትላለች። ሽሮ የለም። «እንጀራ ብይ፣ ጤፍ አይነቅዝም፣ ነቀዝ የሚገባበት ቦታ የለውም» አልኳት። እሱንም አሰበችበት። ጤፉ ባይነቅዝ ወፍጮው የአገሩን ሁሉ ነቀዝ ሲፈጭ የዋለ ነው አለች። ስለዚህ እንጀራም ቀረ። ዳቦም፣ ቆሎም፣ በሶም። ማታ ማታ አንድ ድንች፣ ራሷ ልጣ፣ ራሷ ሰንጥቃ፣ በብርሃን አገላብጣ አይታ ትቀቅላለች። ጨው የለውም። ጨው ምን አጠፋ?

ሁለት ሳምንት ስለበላሁ ሁለት ሳምንት እክሳለሁ ነበር ያለችው። ዛሬ አዳነች እንደነገረችኝ ግን፣ ለአዳነች እናት «እስከ ፋሲካ» ብላታለች።

ጎመን አመጣሁላት። እዚህ ላይ ማመን የምትፈልጉ እመኑ፤ አጥቤ፣ ቅጠል በቅጠል አይቼ። ቅጠሉ ጀርባ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ትል ነበረች። እኔ ነኝ ያየኋት። እኔ ነኝ «አይ እቴቴ፣ ይቺማ ራሷም ጾመኛ ናት» ያልኩት። አፌን ማን ሰፍቶ ይስጠኝ?

ጎመኑም ቀረ።

መጋቢት 20፣ እሑድ

አባ ወልደሥላሴ ሊፈርዱ መጡ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ፤ ቤታችን መጋረጃ ያለው ለዚህ ነው።

ሳያውቁ የበሉት ጾም አይሽርም፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፣ እንጀራሽን ብይ አሏት። ጥሩ አድርገው ተናገሩ፣ ከመጽሐፍም ጠቀሱ። እቴቴ እስከ መጨረሻው በትሕትና ሰማቻቸው።

«አባቴ፣ እርስዎም ሁለት ጊዜ ተጨምሮልዎታል» አለች።

ክሱ ከዳኛው ደጅ ደረሰ። አባ ወልደሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ እኔ ለራሴ ብዬ ሳይሆን አሉና መስቀላቸውን ያገላብጡ ጀመር። እቴቴም እንዲህ ያለውን ነገር ያልበላ ሰው ነው የሚፈርደው አለች። ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ ደብረ ሊባኖስ ወርዳ አንድ ባሕታዊ ልትጠይቅ አስባለች። በመኪና ሳይሆን በእግሯ።

በእግሯ! ትናንት ከውኃው ቧንቧ እስከ ቤት ሁለት ጊዜ ተቀምጣለች።

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

ፈተና። ጂኦግራፊ። የዓባይን ገባሮች ረሳሁ።

የእቴቴ መቀነት ወገቧ ላይ አንድ ዙር ጨምሯል። አየሁት። አላየሁም ብዬ ነበር፣ ግን አየሁት።

ቀልድ ሞከርኩ። የአባ ወልደሥላሴን ሳል አስመስዬ አሳየኋት፤ ድሮ በዚህ በሳቅ ትሞት ነበር። ፈገግ አለች፣ ደከማትና ተወችው።

እናቴ የሞተችው ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው ይላሉ። ፊቷን አላስታውሰውም፣ ስለዚህ ብዙም አላዝንም። እቴቴን ግን ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ አስታውሳታለሁ።

ምን እንዲህ ያለ ነገር ያጽፈኛል? ጂኦግራፊው ነው።

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ወደቀች።

ከትምህርት ቤት ስመጣ በራችን ክፍት ነው። እትዬ ሀጂራ መሬት ቁጭ ብለው የእቴቴን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው በስኳር ውኃ ከንፈሯን ያርሳሉ። ምድጃው አጠገብ ድስት ተገልብጧል። የድስቱን ድምፅ ሰምተው ነው ከሱቃቸው የሮጡት፤ አንዱ እግራቸው ባዶ ነበር። ከቆጮው ቀን ወዲህ ግቢያችን ሲገቡ ይኼ የመጀመሪያቸው ነው።

እቴቴ ነቃች። «ስኳሩ ንጹሕ ነው?» አለች። እግዜር ያሳያችሁ።

አልጋዋ ላይ ካስተኛናት በኋላ እትዬ ሀጂራ ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«እኔም ጾም አውቃለሁ» አሉኝ። «ይኼ ጾም አይደለም ልጄ። ኩርፊያ ነው። ማንን እንዳኮረፈች ነው የማላውቀው።»

እኔ ማንን እንደሆነ ገምቻለሁ። አልነገርኳቸውም።

አቶ እምሩ ሐኪም ይጠራ አሉ። ሐኪሙ መጣ፣ ብዪ አላት፣ ሄደ። ይኼን እኔም ብዬ ነበር።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ጠዋት ትምህርት የለም። ጊዮርጊስ ሄድኩ። አባ ወልደሥላሴ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። «አባቴ ይፍቱኝ» ብዬ መስቀል ተሳለምኩና አጠገባቸው ቆምኩ። ሲጨርሱ ስለ እቴቴ መውደቅ ነገርኳቸው። ሰምተዋል፤ አዝነዋል። ምን ላድርግ፣ ከእኔ ቃል አልፋለች አሉ።

እንግዲህ ሌሊቱን ያሰብኩትን ተናገርኩ።

«አባቴ፣ እቴቴ ምክርዎን እምቢ ብላለች። ቀኖና ሰጥተዋት እምቢ ያለችበት ቀን ግን አለ?»

አሰቡ። «የለም። ስግደት ሳዝዛት ጨምሩልኝ ነው የምትል።»

«ይቅጧት እንግዲህ።»

«በምን?»

«በመብላት።»

መጀመሪያ ሳቁ። ሆዳቸው ዳዊቱን እስኪያነቃንቅ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ቀረና ጢማቸውን ያሹ ጀመር። ቅጣት ከተባለ መክበድ አለበት አሉ። እንደ ድግስ ከቀረበላት ታውቅብናለች። ለእሷ የሚከብዳት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስለ ቆጮው፣ ስለ እንጨት ሥሩ፣ ስላልተዘጋው በር፣ ሁሉን።

አባ ወልደሥላሴ የቤተ ክርስቲያኑን እርግቦች አዩ።

«ሽምብራውን የለቀመው ማን ነበር?» አሉኝ።

እኔም እርግቦቹን አየሁ። ብዙ ናቸው፣ ጊዮርጊስ ላይ። መልሰው አልጠየቁኝም። መስቀላቸውን ግን ግንባሬ ላይ ከወትሮው ጫን አድርገው አሳረፉት።

ከዚያ ወደ እትዬ ሀጂራ ሱቅ። ይኼኛው ባሰ። የጆንያ አፍ እየሰፉ ሰሙኝ።

«የእንጨት ሥር ትበላለች?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ያን ቀን መስማታቸውን አሁን አረጋገጥኩ። «ቅጣት ከሆነ ትበላለች» አልኩ። እንዲህ ያለ መልስ የሚመጣልኝ ከየት ነው?

መርፌውን አቆሙ። «የእኔ ቆጮ ቅጣት ሆነ?» አሉ። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው። ባላቸው አብዱልሃሚድ ከጓዳ ምንድን ነው እስኪሉ ድረስ ሳቁ። «በይ ሂጂ። ለቅጣት ከሆነ ጎመኑን አሳምሬ ነው የምሠራው።»

መጋቢት 27፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

አባ ወልደሥላሴ ከቅዳሴ በቀጥታ መጡ። ሲቀመጡ ፊታቸው ሌላ ነበር፤ ሽሮ የሚጠብቅ ፊት አልነበረም። እቴቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ሁሉን ተናዘዘች። እኔ መጋረጃው ጋ ነበርኩ፤ ኑዛዜውን ላለመስማት ጆሮዬን ያዝኩ፣ ፍርዱ ሲመጣ ለቀቅሁት።

«ቀኖናሽ ይኼ ነው» አሉ። «እስከ ሆሣዕና ድረስ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከሀጂራ ቤት ሄደሽ፣ ከእጇ ተቀብለሽ፣ ያቀረበችልሽን ቆጮና ጎመን እስክትጠግቢ ትበያለሽ። ሳታገላብጪ። ሳትመረምሪ።»

እቴቴ ከትራሷ ቀና አለች።

«አባቴ፣ ሌላ ይዘዙኝ። ሺህ ስግደት ይዘዙኝ።»

«ሺህ ስግደትማ ደስ ይልሻል።»

«ደብረ ሊባኖስስ?»

«ከቀኖናሽ በፊት የትም አትሄጂም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክንዷን ይዤ መንገዱን አሻገርኳት። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግን መሐል ላይ አንዴ ቆመናል። እትዬ ሀጂራ ምንጣፍ አንጥፈው ጠበቁን። ቆጮው በስሱ ተጋግሯል፣ ጎመኑ በኑግ ዘይት ያብረቀርቃል። ሁለቱም ሴቶች ሰላምታ ተለዋወጡ።

እቴቴ ዓይኗን ጨፈነች። ቆረሰች። ጎመኑን አነሣች። ጎረሠች። ሰው እንዲህ ረጅም ጊዜ ሲያኝክ አይቼ አላውቅም። አፍንጫዬ ሲያሳክከኝ እንኳ አላከክሁትም።

«አልጋነሽ፣ አይዞሽ» አሉ እትዬ ሀጂራ። «ይኼ ከጉድጓድ ነው የወጣው። ነቀዝ አያውቀውም።»

«አትንገሪኝ» አለች እቴቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እንዳልመረምር ታዝዣለሁ።»

ደግማ ቆረሰች።

ሚያዝያ 2፣ ዓርብ

በየቀኑ እንሻገራለን። ዓይኗን መጨፈን ትታለች። ትናንት ሳህኑ ባዶ ሲሆን ወደ እትዬ ሀጂራ ገፋ አደረገችው፤ «ትንሽ ጨምሪልኝ፣ ቅጣቴ እንዳይጎድል» አለች። እትዬ ሀጂራ ፊታቸውን አዙረው ጨመሩላት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አቶ እምሩ ወሬውን ሰምተው እኔም ከዚያው ሽሮ በልቻለሁ፣ ለምን አልቀጣም ብለው አባ ወልደሥላሴን ለመኑ። አባ ወልደሥላሴም ቅጣቱ ለሴት ነው አሏቸው። የት እንደተጻፈ አልተናገሩም።

ከመጋረጃው ጀርባ ዛሬ የእቴቴ ድምፅ መጣ። «ይህን ሰፌድ ማን ነው በር ላይ የጣለው? ይቺ ሰነፍ፣ ይቺ ምላሳም፣ የአባቷ ልጅ!» እስከ አራተኛው ቤት ደረሰች፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። አምስተኛውን እኔ ላቀብላት ፈልጌ ነበር። ወጥቼ ሰፌዱን አነሣሁ። ግድግዳው ጥግ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ። ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት እየላጥኩ አልነበረም፣ ግን ሽንኩርት ነው።

ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

እቴቴ አዲስ ሽምብራ ልትገዛ ተነሣች። ጎታው ውስጡ በእሳት ተለብልቦ፣ ታጥኖ፣ ተለቅልቋል። እትዬ ሀጂራም ሽምብራ ከእኛ ሱቅ አልቋል፣ አብሬሽ ልሂድ፣ ነጋዴዎቹ ያታልሉሻል አሏት። እሷም «እኔን?» አለች። ሦስታችን እህል በረንዳ ወረድን።

ዛሬ የነጋዴዎቹን መከራ ማየት ነበር። እቴቴ ጆንያ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ እየከተተች ሙቀቱን ትለካለች፤ እትዬ ሀጂራ ፍሬውን በጥርሳቸው እየከፈሉ ይተፋሉ። አንዱ ነጋዴ «እማማ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊመርቁ?» ቢላቸው ሁለቱም እኩል ዞሩበት። ከጤፍ ጋር ቀላቅለሽ አስቀምጪው፣ ጤፉ ክፍተቱን ሲሞላው ነቀዝ መራመጃ ያጣል አሉ እትዬ ሀጂራ። እቴቴ ይኼን እናቴም ታደርገው ነበር፣ እኔ ነኝ የተውኩት አለች። ከዚያ ማን ቀድሞ እንዳወቀው መከራከር ጀመሩ።

ሽምብራው እኔ ጀርባ ላይ ተጫነ። የጊዮርጊስን ዳገት ያዝን። እነሱ እየተከራከሩ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እቴቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጇን እያወራጨች፣ እትዬ ሀጂራን አንድ እርምጃ ቀድማ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ዞር አለችና፦

«አንቺ፣ ምን ያስጎትትሻል?» አለችኝ።

ከበደኝ አልኳት። አልከበደኝም። ከኋላ ሆኜ አካሄዷን ለማየት ነው።